የጠመኔው ቤት

«ነግሬ ነበር» የሚል ሰው ደሜን ያፈላዋል። እኔም ያቺ ቃል ከአፌ እንዳታመልጠኝ ስጠነቀቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ነግሬያት ነበር።

የታሪክ አስተማሪዋን ነው የምላችሁ። ልጄ ልትሆን የምትችል ናት። ተማሪዎቹ «ቲቸር ለምን» ይሏታል። አንድ ልጅ ተነሥቶ ሲመልስላት «ጎበዝ፣ ተቀመጥ» ብላ አታልፈውም፤ «ለምን?» ትለዋለች። ምክንያቱን ሲነግራት ደግሞ «ማን ነገረህ?» ትላለች። «መጽሐፉ» ካላት «መጽሐፉንስ ማን ነገረው?» እኔ በስንት መከራ ጸጥ ያሰኘሁትን ክፍል እሷ ገብታበት ስትወጣ ገበያ ሆኖ ነው የሚጠብቀኝ። እኔን «ግሎብ» ነው የሚሉኝ። ጂኦግራፊ ስለማስተምር ይመስለኝ ነበር፤ ኋላ ላይ ስሰማ ለካስ ስለ መላጣዬ ነው። ልጆች ስም ሲያወጡ ምሕረት የላቸውም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ዓይኔን ከደን አድርጌ ሳለሁ መጥታ ፊቴ ተገተረች።

«ጋሼ፣ ረጅም ገመድ፣ ሜትር እና እርስዎ ታስፈልጉኛላችሁ» አለችኝ።

«ገመዱ ለእኔ አንገት ካልሆነ ይሁን» አልኳት።

ሳቀችና ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ድሮ ጥቅጥቅ ያለ ሰፈር ነበር። ዛሬ የአውቶቡስ ማደሪያ ሆኗል፤ አስፋልትና የዘይት እድፍ ብቻ። ነዋሪው እንደ ጨው ዘር ተበትኖ፣ እኩሌታው ከከተማው ዳር በተሠሩት ፎቆች ገብቷል። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ግን አሁንም እኛ ዘንድ ነው የሚማሩት። እሷ ታዲያ ያንን ሰፈር፣ ሁሉንም ባይሆን አንዷን ቅያስ፣ አዳራሹ ወለል ላይ በጠመኔ ልትሥለው ነው። ሰፈሩን የሚያስታውሱ አዛውንቶች ይጠራሉ፤ ቤታቸው የነበረበት ቦታ ላይ ይቆማሉ፤ ልጆቹ እየዞሩ ይጠይቋቸዋል።

«ዕቃ ዕቃ ጨዋታ በይኛ!» አልኳት። «ፖርሽኑስ? ግማሹ እንኳ አላለቀልሽም።»

«ጋሼ፣ እነዚህ ልጆች የሩቅ አገር ንጉሥ የሞተበትን ዓመት በቃላቸው ያውቃሉ። እናታቸው የተወለደችበትን ቤት ግን አያውቁም። ይኼ ታሪክ መማር ነው?»

«ስሚኝ ልጄ» አልኳት፤ «የንጉሡ ዘመድ ተነሥቶ አያለቅስብሽም። የፈረሰ ቤት ስትነካኪ ግን ባለቤቱ በሕይወት አለ። የማታውቂው ነገር ይወጣል፤ ያን ጊዜ መመለሻ የለሽም።»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ጋሼ።»

ተረት ለአፏ አታጣም። ምን ላድርግ፣ ገመዱን ፈልጌ ሰጠኋት። ሜትሩንም እኔው ያዝኩት።

አንድ ሳምንት ሙሉ ከትምህርት በኋላ መሬት ለመሬት ስንድህ ሰነበትን። የእያንዳንዱን ቤት ስፋት በግማሽ ቀንሰን ነበር የምንሥለው፤ አንድ ሰው ወንበር ይዞ የሚገባበት፣ እግሩን የሚዘረጋበት ያህል እንዲሆን ነው። ጉልበቴ አለቀ፤ ሱሪዬ ነጭ በነጭ ሆነ። አዛውንቶቹ ደግሞ መጥተው በእኛ ላይ አዛዥ ሆኑ። ሁለት ሽማግሎች የውሃ ቧንቧው በየት በኩል ነበር በሚል ከዘራ ለከዘራ ሊማዘዙ ምንም አልቀራቸው። አንደኛው «እኔ ነኝ የቀዳሁበት!» ሲል ሌላው «አንተ መች ውሃ ቀድተህ ታውቅና፣ ሚስትህ ናት እንጂ!» አለው። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ቲቸር ለምን ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ሁለቱም ባሉበት ቦታ ሁለት ቧንቧ አሣለች።

«የነበረው አንድ ነው እኮ!» ብዬ ጮህኩባት።

«እስኪጣራ ድረስ ሁለቱም ይኑሩ» አለችኝ። ለካርታ ሠሪ እንዲህ ያለ ነገር ሞት ነው። ግን ልዋሽ አልችልም፤ ነገሩ እየጣመኝ መጣ። ክፍል ውስጥ እንቅልፍ የሚያዳፋቸው ልጆች እዚያ ወለል ላይ ዓይናቸው ይበራ ነበር። ቀናሁባት ብል ይሻላል።

የሰፈሩ ደንብ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ግድግዳ አይረገጥም፤ ወደ ማንም ቤት የሚገባው በበሩ ነው። ሁለተኛ፣ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ባየው ነገር ላይ ብቻ ነው የሚመሰክረው፤ የሰማው ከሆነ ከማን እንደሰማ ይናገራል። ስለዚህ ልጆቹ ማንም ሰው አፉን በከፈተ ቁጥር እጃቸውን አውጥተው፣ በትሕትና፣ «ማን ነገረዎት?» ይላሉ። ዳይሬክተራችን እንኳን አልቀረለትም። ሊጎበኝ መጥቶ እጁን ኪሱ ከትቶ «ነዋሪው ሲነሣ በጣም ደስተኛ ነበር» ሲል አንዷ ልጅ ብድግ አለችና «ማን ነገረዎት ቲቸር?» አለችው። ደነገጠና ሰዓቱን አይቶ ወጣ። ያቺ ልጅ የፊት ወንበር ተማሪ ናት፤ ቀጭን፣ ድምፅዋ የማይሰማ፣ ሁለት ሹሩባ ያላት። ጠያቂዋ እንበላት።

እማማ የመጡት ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ነው። ልጃቸው ክንዳቸውን ደግፋ አመጣቻቸው። ልጅየዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሱቋ ከትምህርት ቤታችን ብዙ አይርቅም፤ የልጆቹን ዩኒፎርም የምታጠብብና የምታስረዝም እሷ ናት። የዚያን ቀንም የመለኪያው ሜትር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እማማ ወለሉን ዙሪያውን አዩት። ዓይናቸው ደከም ያለ ነው፤ ግን የጠመኔውን መስመር እየተከተሉ ቆዩና ቅያሱ መሐል ሲደርሱ ቆሙ።

«ቤቴ ይኼ ነው» አሉ። «በሩ ግን ልክ አይደለም።»

ወደ ግራ ነበር የሣልነው። የእሳቸው በር ፊት ለፊት ነው፤ አልጋቸው ላይ ሆነው ወደ ቅያሱ የሚገባውን ሰው ከሩቅ ማየት ይችሉ ነበር። ጠያቂዋ ልጅ ተንበርክካ በመዳፏ አጠፋችና በነገሩአት ቦታ ሠራችው። ያን ጊዜ እማማ ጫማቸውን አወለቁ፤ በበሩ ገቡ፤ ወንበር ሰጠናቸው፤ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ተቀመጡ። ትንፋሻቸውን ረዘም አድርገው ሲለቁ ሁላችንም ሰማነው።

ልጆቹ ጠየቋቸው። እሳቸውም ተናገሩ። አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው፤ ሥራ ፍለጋ ወደ ሰው አገር ሊሻገር ሲነሣ በዚያ በር ላይ ቆሞ «እማዬ፣ ከዚህ ቤት እንዳትንቀሳቀሺ፤ ስመለስ ደግሞ አንቺን ፍለጋ እንዳልንከራተት» አላቸው። «እሺ» አሉት። ሰፈሩ ሲፈርስ ከቅያሱ በመጨረሻ የወጡት እሳቸው ናቸው፤ አልጋቸውን ሰዎች ተሸክመው አወጡባቸው። አሁን ያሉት ፎቅ ላይ ነው።

«በሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፣ ልጆቼ» አሉ። «እኔ ራሴ እየተሳሳትኩ የሰው በር አንኳኳለሁ። እሱ ታዲያ በምን ያገኘኛል?»

«ደብዳቤ አልጻፈም?» አለች ጠያቂዋ።

«አልጻፈም። ቃል ግን ገብቶልኛል።»

«ማን ነገረዎት?» ልትል አፏ ሲከፈት አየሁና ዓይኔን አጉረጠረጥኩባት። መልሱ ምን ይሆናል፣ እሱ ራሱ ነዋ። ልጅየዋ፣ ልብስ ሰፊዋ ማለቴ ነው፣ አዳራሹ በር ላይ ቆማ ሜትሩን ጣቷ ላይ እየጠቀለለች ትፈታ ነበር።

በነጋታው እማማ ብቻቸውን መጡ። በሳልስቱም መጡ። ጠዋት በሩ ሲከፈት ይገባሉ፣ ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ ከጠመኔው ቤታቸው ገብተው ይቀመጣሉ፤ ዘበኛው ሊዘጋ ሲል ይወጣሉ። ልጆቹ ውሃ ያመጡላቸዋል። አንዳንዴ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ይጥላቸዋል፤ አዳራሹ ደጅ ላይ የሰው ኮቴ በተሰማ ቁጥር ግን ብንን ብለው ቀና ይላሉ። ያንን ቀና ማለታቸውን ማየት አልወድም ነበር። እኔ ስገባ እንኳን ፊታቸው ያበራና እኔ መሆኔን ሲያውቁ ይከስማል። «አንተ ነህ እንዴ፣ ግባ ልጄ» ይሉኛል። ሌላ ሰው ባለመሆኔ ያሳፍረኝ ነበር።

ቲቸር ለምን ግን መጀመሪያ ላይ ደስታዋን አልቻለችውም። «ጋሼ፣ ሕያው ታሪክ እኮ ናቸው!» አለችኝ።

«እናት ናቸው» አልኳት። «ታሪክ የሚሆነው ያለቀ ነገር ነው። የእሳቸው አላለቀም።»

ከዚያ በኋላ እሷም እየፈራች መጣች መሰለኝ፤ ወደ ፎቁ ሄዳ በራቸው ላይ ከሩቅ የሚታይ ቀይ ቀለም ልትቀባላቸው ሁሉ ሐሳብ አቅርባ ነበር። እማማ «ቀዩን በር እሱ መች ያውቀዋል?» አሏት።

ፈተና ደረሰ። ዳይሬክተሩ አዳራሹ ለፈተና እንደሚፈለግ፣ ዓርብ ከሰዓት ወለሉ እንደሚታጠብ አስታወቀ። ሰውየውን አልፈርድበትም፤ ወንበር የሚደረደረው ሌላ ቦታ የለም። ለእማማ የሚነግራቸው ግን ጠፋ። ሁሉም እኔን ያያል። እኔ ደግሞ ተማሪ ላይ መጮህ እንጂ እናት ማስነሣት አልተማርኩም። በመጨረሻ ዳይሬክተሩ ለልጃቸው ስልክ ደወለላት።

ልብስ ሰፊዋ ስትመጣ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። ቀሚሷ ላይ ክር ተለጣጥፏል። ቁጭ በይ ብላት አልቀመጥ አለች።

«ጋሼ፣ እናንተ ሰዎች ምን አደረግኳችሁ?» አለችኝ።

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

«ወንድሜ ሞቷል።»

ክው አልኩ። እሷ ግን አንዴ ከጀመረች መቆም አቃታት። አብሮት የሄደው ጓደኛው ከዓመት በኋላ ተመልሶ ሱቋ ድረስ መጥቶ ነግሯታል። በረሃውን ሲያቋርጡ መኪናው ተበላሸ፤ ውሃ አለቀ፤ ወንድሟ በእግር ከሄዱት ጋር ሄደ፤ አልደረሰም። በእጃቸው አሸዋ ጭረው ቀብረውት አለፉ። የት እንደሆነ የቀበረው ሰው እንኳን አያውቅም።

«የዚያን ቀን ልነግራት ቤት ሄድኩ፤ ታማ ተኝታ አገኘኋት። ስትድን እነግራታለሁ አልኩ። ስትድን ደግሞ ደስ ብሏት ቤቱን ስትቀባ ደረስኩ፤ ለእሱ ነው የምትቀባው። ደስታዋን ዛሬ ላላፍርስ አልኩ። እንዲህ እያልኩ፣ እንዲህ እያልኩ…» እጇን አወናጨፈች። «ቤቱ ሲፈርስ፣ አይፍረዱብኝ፣ በሆዴ እሰይ ብያለሁ። ደጃፉ ከሌለ መጠበቁም ይቀርላታል አልኩ። እውነቴን ነው፣ ቀስ በቀስ ትታው ነበር እኮ! እናንተ መልሳችሁ ሠራችሁላት።»

ምን እላታለሁ? የሣልኩት እኔ ነኝ፤ ሜትሩን የያዝኩት እኔ። «ንገሪያቸው» አልኳት።

«አልችልም። አሁንማ በምን አፌ? ይኼን ሁሉ ዘመን የት ነበርሽ ብትለኝስ?» ከዚያ ተማጸነችኝ፤ ለማንም እንዳልናገር፣ ለዚያች አስተማሪም ቢሆን። ዝም አይነቅዝም ብዬ ቃሌን ሰጠኋት። እማማን በራሷ መንገድ እንደምታስነሣቸው፣ እኔ ብቻ ነገሩ እንዳይበላሽ አጠገቧ እንድሆን ነገረችኝ። መንገዱ ምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ዓርብ ከሰዓት አዳራሹ ሙሉ ነበር። ቲቸር ለምን ተማሪዎቿን ሰፈሩን ሊሰናበቱ አምጥታ በየቤቱ አስቀምጣቸዋለች። ጽዳት ሠራተኞቹ ባልዲና መወልወያ ይዘው ደጅ ቆመዋል። እማማ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ልብስ ሰፊዋ ገባች፤ ከእኔ ጋር ዓይን ለዓይን ተያየንና በቅያሱ ገብታ፣ በበሩ በኩል ጎንበስ ብላ አለፈች። የዚያ ቤት መቃን ዝቅ ያለ ነበር መሰለኝ፤ ጀርባዋ ሳይረሳው ቀርቷል።

«እማዬ፣ ተነሺ እንሂድ። ሊያጥቡት ነው።»

«ወዴት ነው የምሄደው?»

«ቤታችን ነዋ።»

«ቤቴ ይኼ ነው። ወንድምሽ ቢመጣስ?»

«ወንድሜ ደኅና ነው እማዬ። ሰው ልኮልኛል። አዲሱን ቤታችንንም አውቆታል፤ እዚያ ጠብቂኝ ብሏል።»

እማማ ከወንበራቸው ሲነሡ ያየ ሰው እኒያ ደካማ እናት ናቸው አይልም። «እሰይ! እሰይ ልጄ! አፈር ልሁንልሽ!» እያሉ ልጃቸውን ትከሻዋን ሳሟት፣ አንገቷን ሳሟት፤ ልጆቹ አጨበጨቡ፤ ቲቸር ለምን እንባዋን ጠረገች። እኔስ? ውሸት መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ልክዳችሁ አልችልም፣ ለአፍታ ያህል እፎይ አልኩ። ይሁን፣ ይነሡ ብቻ፣ ሌላው ነገ ይታሰባል አልኩ።

ያን ጊዜ ከጎረቤት ቤት አንድ ቀጭን እጅ ወጣ።

«ይቅርታ እትዬ» አለች ጠያቂዋ፤ «ማን ነገረዎት?»

ክፋት የለባትም። አስተማሪዋ ያስተማረቻትን ነው ያደረገችው፤ በዚያ ወለል ላይ ማንም ሰው ሲናገር የሚጠየቀውን ጠየቀች።

«አንድ ሰው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አንድ… የሚያውቀው ሰው።»

«ሰውየው ራሱ አይቶታል ወይስ እሱም ሰምቶ ነው?»

«ልጆች፣ ይበቃል!» አልኩ። «ሰዓት አልቋል፣ ተነሡ!»

«ጋሼ፣ አንዴ ይተዉአት» አለች ቲቸር ለምን። ፊቷ በኩራት በርቷል። «ትክክለኛው ጥያቄ እኮ ነው።»

አላስችል አለኝና ወደ እነሱ ቤት አቋርጬ መጣሁ። በምን ጊዜ በር ልፈልግ! «ቲቸር ግድግዳ ረገጡ! ግድግዳ ረገጡ!» ብለው ልጆቹ በአንድ ድምፅ ጮኹብኝ፤ አንዱ እግሬን ይዞ ጎተተኝ። ስላቸው የነበረውን የሰማኝ የለም። ጫጫታው ሲበርድ እማማ እየተናገሩ ነበር።

«ልጅቷ እውነቷን ነው» ይላሉ፣ የልጃቸውን ሁለት እጅ ይዘው፤ «ማን ነው ያየው? ንገሪኝ እስቲ፣ ሄጄ እግሩን ልሳመው።»

«አብሮት የሄደው ጓደኛው ነው፣ እማዬ።»

«እሱ ተመልሷል እንዴ? መቼ? የት ነው ያየው?»

«በረሃው ላይ።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

ልጅየዋ ወደ እኔ ዞረች፤ ምን ላድርግላት፣ እግሬ ተይዞ እንደ ዘንግ ቆሜያለሁ። ቲቸር ለምን ያን ጊዜ ገባት፤ ፊቷ አመድ መሰለ፤ «ልጆች» ብላ ጀመረችና ድምፅዋ ጠፋ።

«ከዚያስ ልጄ?» አሉ እማማ እንደገና፣ ቀስ ብለው።

«ከዚያ የለም፣ እማዬ። ከዚያ ወዲያ የለም።»

ደጅ የቆመ ሰው ባልዲ መሬት ላይ ሲያስቀምጥ ተሰማ።

እማማ የልጃቸውን እጅ አልለቀቁም። «መቼ ነው የነገረሽ?» አሉ።

«ቤታችን ሳይፈርስ።»

«ሳይፈርስ።» ቃሉን ደጋግመው አሉት። ከዚያ እጇን ለቀቁት። «እኔ እኮ ማታ ማታ ‹በሰላም መልስልኝ› እያልኩ ነው የጸለይኩት። ስታመሚም፣ ስታገቢም፣ ያንን ነው የጸለይኩት። አንቺ አጠገቤ ተኝተሽ ትሰሚኛለሽ። ለሞተ ሰው! ነፍሱን ማርለት ያለለት የለም። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ አላለቀሰለትም። ልጄ ሳይለቀስለት ቀረ!»

ያን ጊዜ ነው የጮኹት። እንዴት እንደጮኹ አልነግራችሁም። ልጅየዋ እግራቸው ላይ ወድቃ «እማዬ ይቅር በይኝ» ትላለች፤ እሳቸው «አትንኪኝ» ይላሉ። ልጆቹ የሚያደርጉት ጠፍቷቸው በየቤታቸው ተቀምጠው አለቀሱ፤ ከቤቱ የወጣ አንድም የለም። ጠያቂዋ አፏን በሁለት እጇ አፍና፣ ዓይኗ ብቻ ቀርቶ ነበር። እስከ ዓመቱ መጨረሻ እጅ ስታወጣ አላየኋትም። ቲቸር ለምን የአዳራሹን ግድግዳ ተደግፋ ወርዳ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ስደርስ ቀና ብላ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ያውቁ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለም…» ብላ ተወችው።

ስንት ጊዜ እንደቆየን አላውቅም። ደወሉ ተደውሎ ነበር፤ ዳይሬክተሩ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ፣ ነገሩን ከጽዳት ሠራተኞቹ ሰምቶ፣ ጃኬቱን እንደያዘ ቁጭ አለ። በመጨረሻ እማማ ድምፃቸው አለቀ። ፊታቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ጫማቸውን አደረጉ። ሲወጡ በበሩ አልወጡም። የቤታቸውን ግድግዳ፣ የጎረቤቱን ግድግዳ፣ ቅያሱን እየረገጡ ቀጥታ ወደ እኔ መጡ። ከልጆቹ ድምፅ ያሰማ አልነበረም።

«የካርታው አስተማሪ አንተ ነህ አይደል?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«በረሃውን አሳየኝ።»

ክፍሌ ከላይ ነው። ደረጃውን በየመሐሉ እያረፉ ወጡ፤ ክንዴን ስሰጣቸው ያዙኝ። ልጃቸው ከኋላችን ራቅ ብላ ትከተላለች። ግድግዳው ላይ ካለው ትልቅ ካርታ ፊት አቆምኳቸው። ያ በረሃ ቢጫ ነው፤ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ቢጫ ብቻ። ስፋቱን፣ የሙቀቱን መጠን፣ የንፋሱን አቅጣጫ እንቅልፍ ላይ ሆኜ እንኳን ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ። ዕድሜዬን ያስተማርኩት ነው።

«የቱ ነው?» አሉ።

መዳፌን ዘርግቼ ከዚህ እስከዚህ አልኳቸው።

«ይኼ ሁሉ?»

«ይኼ ሁሉ፣ እማማ።»

«የት ጋ ነው ያለው?»

«አይታወቅም።»

«መንደር የለም? ዛፍ ነገርስ? ምልክት የሚሆን?»

ልዋሻቸው ፈልጌ ነበር። ጣቴን አንዱ ቦታ ላይ አድርጌ «እዚህ ጋ ነው» ልላቸው። እጄን አነሣሁም፤ ግን የማሳርፍበት አጣሁ፤ ወዴትም ባደርገው ያው ነው። «የለም እማማ» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ካርታው ላይ አስጠግተው፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ እንደሚያነብ ሰው ቀስ ብለው አዩት። ማንበብ አይችሉም። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

«ለልጆቹ ይኼን ቦታ ምን እያልክ ነው የምታስተምራቸው?»

የማስተምረውን ነገርኳቸው። «ዝናብ የማይጥልበት፣ ሰው የሌለበት ምድር ነው እላቸዋለሁ» አልኩ።

«ከእንግዲህ እንደሱ አትበላቸው» አሉኝ። «ልጄ አለ።»

«እሺ እማማ፣ አልልም» አልኳቸው። ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። ስንወጣ ክንዳቸውን ልትይዝ እጇን ዘረጋች። እሳቸው አላዩአትም፣ ወይም ሊያዩአት አልፈለጉም፤ የኔንም ክንድ ለቀው፣ ግድግዳውን እየተደገፉ ብቻቸውን ደረጃውን ወረዱ።